እጃችሁ ይባረክ፣ የኬጂ ወላጆች

መልእክቷ መቼ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ደርቦ እንኳ በር አያስከፍትም። ስልኩ ጢን ይላል። «ውድ ወላጆች፣ ነገ ጠዋት ተማሪዎች ከወዳደቁ ዕቃዎች በራሳቸው እጅ ሠርተው ‹የምኖርበት ቤት› የሚል የእጅ ሥራ ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እናሳስባለን።» ከሥሩ ሁለት ጽጌረዳና የተጋጠሙ መዳፎች አሉበት።

ባለፈው ሳምንት እኛም ዘንድ ደረሰች። የወላጆች ቴሌግራም ቡድን ውስጥ ወዲያው «እሺ ሚስ»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን ሚስ» ተዥጎደጎደ። «ነገ?» ያለ የለም። በየቤቱ ግን ሁሉም ካርቶን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቷል።

በዚህ የሚያጉረመርም ወላጅ አለ። እኔ ግን ዛሬ ለማመስገን ነው የመጣሁት። የኬጂ ወላጅን የመሰለ ባለሙያ አገራችን የላትም። በተለይ አባቶችን ተመልከቱ። ሁለት ክረምት ሲያፈስ የከረመው የኩሽና ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚስማር ያልመታ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ባለ ፎቅ ቤት ከነአጥሩ ሠርቶ ያድራል። ሚስቱ የወንበሩን እግር እንዲጠግን ከፋሲካ ጀምሮ ስትለምነው «እኔ በእጅ ሥራ አልታደልኩም» ይላት ነበር። አሁን ምላሱን በአንድ ጎን አውጥቶ በስቴኪኒ የመስኮት ፍሬም ይለካል።

ቁጠባውም ይደንቃል። ከወዳደቁ ዕቃዎች ነው የተባለው። ቤት ውስጥ የወደቀ ዕቃ ከሌለስ? ይገዛላ! ባዶ ሃይላንድ ስላስፈለገ ሙሉው ይገዛና ውኃው ባልዲ ላይ ይገለበጣል። የእንቁላል ትሪ ስላስፈለገ 30 እንቁላል ይገዛል፤ ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ እንቁላል ፍርፍር እየበላ አካባቢውን ይንከባከባል። ለካርቶኑ ሲል አዲስ ጫማ የገዛ ሰውም አለ። ጫማው ጠበበው። ካርቶኑ ግን ልክ ሆነ።

በጣም የረቀቀው ደግሞ አስመሳዩ ነው። እሱ የሚጨነቀው ሥራው ከልጅ እጅ የወጣ እንዲመስል ነው። ቀጥ አድርጎ ያቆመውን ግድግዳ መልሶ ያንሻፍፈዋል። በሩ ላይ ሆን ብሎ ሙጫ ያንጠባጥባል። የልጁን ስም በግራ እጁ ይጽፍና አንዷን ፊደል ይገለብጣታል። ልጁ ከኋላው ቆሞ «አባዬ፣ እንደዚህ አይጻፍም እኮ» ይለዋል።

ማታ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ፎቶ ይጎርፋል። «የኔ ጀግና ብቻዋን ነው የሠራችው! እኔ ሙጫ ብቻ ነው ያቀበልኳት።» ፎቶው ጥግ ላይ የእናትየው አውራ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሎ ይታያል።

ስለ አንኮበሩ አባት ሳልናገር ብቀር ግን ኃጢአት ይሆንብኛል።

ይህ ሰው ከነቤተሰቡ የሚኖረው ጠባሴ፣ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ርዕሱ «የምኖርበት ቤት» ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ከአንድ ካርቶን ላይ ተቆርጦ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እሱ ግን አሰበበት። «ኪራይ ቤት ምን ቤት ነው?» አለ። እናም የምኒልክን የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሊሠራ ቆርጦ ተነሣ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከተነሡ በኋላ ግን ዘመኗ አለፈ፤ ዛሬ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው። ይህ አባትየውን አላገደውም። እንዲያውም አበረታው። ሕንፃው ስለሌለ «ተሳስተሃል» የሚለው ሰው የለም።

ሰውየው ሌላው በጎተራ እህል እንደሚያከማች የፕሮጀክት ዕቃ አልጋ ሥር ያከማቻል። ለክዳኑ ተራ ሣር አልሆነውም። የጓሳ ሣር አወጣ። ጓሳ ማለት የመንዝ ሰው በገዛ ደንቡ እየዘጋና እየከፈተ ከ300 ዓመት በላይ ሲጠብቀው የኖረ ደጋ ነው። በሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀው ለካ ለኬጂ ሁለት ፕሮጀክት ኖሯል! ሣሩ መሐል ሜዳ አካባቢ ካሉ አጎቱ ጎጆ ላይ ተመዞ የመጣ ነው ይባላል። አጎትየው ክረምቱን በአንድ ጥግ ተሰብስበው ነው ያሳለፉት።

አንኮበር ያለ ጉም አይሆንም ብሎ ደግሞ የመንዝ በግ ፀጉር፣ ያውም ያልተፈተለ፣ በኮረብታው ዙሪያ በተነ። አማቱ ለባና ብለው ያስቀመጡት ነው። ለዘበኞቹ ካባ አጠለቀላቸው። የካባው ጥለት ከየት እንደተቆረጠ ሚስቱ ለጥምቀት ቀሚሷን ስታወጣ ታውቀዋለች። ከዚያ ግብር ቤቱን ሠራ። ግብር ቤቱ ውስጥ መሶብ አለ። መሶቡ ውስጥ እንጀራ አለ። እንጀራው ዓይን አለው። ዓይኑን አንድ በአንድ በመርፌ ነው የበሳው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ ሽንቱ መጥቶ ተነሣ። ቤተ መንግሥቱ በባትሪ መብራት ያበራል። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካ!» አለ አባቱ።

ልጁ ሽንቱን ሸንቶ ተመልሶ ተኛ። በፕሮጀክቱ ላይ የነበረው ተሳትፎ ይኸው ነው።

ጠዋት ባጃጅ ተጠራ። ቤተ መንግሥቱ የኋላ ወንበር ላይ ተሰየመ። አባትየው ጉሙ በንፋስ እንዳይሄድ አቅፎት ከጎኑ ተቀመጠ። ለልጁ ቦታ ስላልተረፈ ከእናቱ ጋር በእግሩ ተከተለ። ባጃጁ ጉድጓድ ሲያጋጥመው «ቀስ በል እንጂ፣ ንጉሡ ውስጥ ናቸው!» ይባላል።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ሚስ ልጁን ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። «ዋው! የኔ ጎበዝ፣ እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?»

«ተኝቼ።»

ተጨበጨበ። አንደኛ ወጣ። አባትየውን ዕንባ ተናነቀው። ቤተ መንግሥቱም «መንካት ክልክል ነው» ከሚል ወረቀት ጋር መደርደሪያ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ገና የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሎቹ አባቶች እንቅልፍ አጥተዋል። አንዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን የጣርማ በር ዋሻ ከነመኪናው ሊሠራ ሰፊ ቱቦ እያፈላለገ ነው። የሚቀጥለው ርዕስ «የቤት እንስሳት» ነው አሉት። ምን ቸገረው? አይሱዙው ላይ በግ ጭኖ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው።

በዚያው ክፍል ውስጥ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። ከጎልማሳ ጡጫ አትበልጥም። ግድግዳዋ ላይ የትንንሽ ጣቶች አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣሪያዋ ላይ ጭድ ተሰክቷል። ደጃፏ ላይ ባለ አንድ ቀንድ በሬ ቆሟል፤ ሁለተኛው ቀንድ መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል። የሠራው ልጅ እናት ጉሊት ውላ ማታ ነው የምትገባው። ስልኳ ቴሌግራም አይከፍትም፣ መልእክቱን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከክፍሉ ሁሉ የተባለውን ያደረገው ያ ልጅ ብቻ ነው። ከወዳደቀ ነገር፣ በራሱ እጅ፣ የሚኖርበትን ቤት ሠራ። «ጠረጴዛውን ታቆሽሻለች» ተባለና ቤቷ መሬት ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎላት ተቀመጠች። ልጁ አጠገቧ ቆሞ መደርደሪያውን ያያል።

እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ይህን ያህል ጎልማሳ፣ ደሞዝተኛ፣ ነጋዴ፣ ባለ ዲግሪ ተሰብስበን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ተወዳድረን አሸነፍን። ከዚያ ተጨባበጥን። ፎቶ ተነሣን። ልጁ የሠራው ቤት ያሳፍራል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። ያስጠላል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የእናቶች ድርሻ እንዳይቀር።

የእጅ ሥራው ባለቀ በሳምንቱ «ከቤት ጣፋጭ ይዘን የምንመጣበት ቀን» ይከተላል። እናት ቪዲዮ ትከፍታለች። «አምስት ደቂቃ ብቻ! ያለ ኦቨን!» ይላል። የምታሳየው ሴትዮ የባሕር ጠረፍ ከተማ ነዋሪ ናት፤ በመስኮቷ ዘንባባ ይታያል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው። እዚህ ውኃ እስኪፈላ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 90ን ትንሽ እንዳለፈ ይንፈቀፈቃል። ባቄላው ሲንተከተክ ውሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ኬክም እንደዚሁ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ሊጡ ሳይጠና ደግሞ አየሩ ይወጣና መሀሉ ይሰምጣል። መላ አለው። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ነው። ወይም ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት መጋገር፤ እዚያ ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል።

እናቶቻችን ግን ይህ አያስፈልጋቸውም። የሰመጠውን ጉድጓድ በክሬም ደፈኑት። ላዩ ላይ ባለ ቀለም ከረሜላ በተኑበት። ቪዲዮ ተቀረጸ። «በቀላሉ፣ በቤት ውስጥ፣ ለልጄ በፍቅር» ተባለ። የመጀመሪያው ኬክ፣ ያረረው፣ ከድስቱ ጋር ከካሜራው ውጪ ነው። ልጁ ከሥር እየዘለለ «ልቅመስ፣ ልቅመስ» ይላል። «ቆይ እንጂ! ፎቶ ሳይነሣ!»

እስቲ ደግሞ በሶን አስቡት። ገብሱ የራሳችን ደጋ ያበቀለው ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም። ውኃና ጨው፣ ካለ ደግሞ የሸኖ ለጋ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ልጁ ራሱ በመዳፉ ይጨብጠዋል፣ የጨበጠውን ይበላል። እውነተኛው አምስት ደቂቃ ይኸው ነው፣ ከፍታም አይፈራም። ግን ቡናማ ነው። ካሜራ ላይ አያምርም። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ ልጁ ብቻውን ስለሚሠራው ወላጅ የሚሞገስበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ቀርቷል።

የቡሄ ጅራፍም በዚሁ ጥፋቱ ይቅር። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ራሳቸው ቃጫ ፈልገው፣ ራሳቸው ገምደው፣ ራሳቸው ያጮኹታል። የአዋቂ ድርሻ ሙልሙል መጋገርና ጆሮ መያዝ ብቻ ነው። የካልሲ ኳስም፣ የሽቦ መኪናም ያው ናቸው። አዋቂ እጁን ያላስገባበት ሥራ ነጥብ አይያዝለትም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ለሚመለከተው ሁሉ። ሰኔ ላይ የኬጂ ምርቃት ይመጣል። ልጆቹ ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው መድረክ ላይ ይወጣሉ። በየትኛው ሥራቸው? ካርቶን የቆረጥነው እኛ። ጣታችንን ያጣበቅነው እኛ። ለእንጀራ ዓይን ስንበሳ ያደርነው እኛ። ዘንድሮ ጋውኑ በእኛ ልክ ይሰፋ። ልጆቹ ከሥር ተቀምጠው ያጨብጭቡልን፣ አበባም ያበርክቱልን። የአንኮበሩ አባት ተመራቂዎችን ወክሎ ንግግር ያድርግ። የእኔን ልክ ከአሁኑ ልናገር፦ ትከሻው ሰፋ ይበል፣ እጅጌው ግን ሙጫ እንዳይነካው አጠር ይደረግልኝ።