የኤሊና የእንሽላሊት ሰገራ ምርመራ ያን ያህል ውድ ነው?

«ኤሊን ወይም እንሽላሊትን ለጥገኛ ትላትል ማስመርመር ኪስ ያራቁታል፤ መድኃኒቱን ገዝቶ መስጠት ይሻላል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ወጪ መፍራቱ ይገባኛል። ሐሳቡ ግን ልክ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ሂሳቡን የሚያንረው የሐኪሙ የመታያ ክፍያ እንጂ ምርመራው አይደለም። ምርመራው ቀላል ነው። ትንሽ ትኩስ ሰገራ በጨው ወይም በስኳር ውህድ ይበጠበጣል፣ የትሎቹ እንቁላሎች ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ክሊኒክ ደውላችሁ «የሰገራ ምርመራ ብቻውን ስንት ነው? እንስሳውን ሳላመጣ ናሙናውን ትቀበላላችሁ?» በሉ። በተለይ እንስሳውን ከዚህ በፊት አይተውት ከሆነ የሚቀበሉ አሉ። ናሙናው እንዳይደርቅ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ (ከምግብ አርቃችሁ፣ አደራ!)።

በግምት መድኃኒት መስጠት ግን መዘዝ አለው። ለከብትና ለውሻ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን ሊገድል ይችላል። የትል መድኃኒቱ ፌንቤንዳዞል ደግሞ ኮክሲዲያን (ትል ያልሆነ፣ በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ) አያጠፋም። ገንዘቡም ይወጣል፣ እንስሳውም መታመሙን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የተገኘ ትል ሁሉ መድኃኒት አይፈልግም፤ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነና እንስሳው ደህና ከሆነ ሐኪሙ ዝም ብሎ ሊከታተለው ይችላል።