ከጎፈሬው ፎቶ በኋላስ?

ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ያቺ ፎቶ ትመጣለች። ጎፈሬው ፊቱን ያሳነሰበት ወጣት አርበኛ፣ ጃጋማ ኬሎ። «የበጋ መብረቅ» ብለን እንጽፍባታለን፣ እንቀባበላታለን፣ በማግስቱ እንረሳታለን። ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከዚያ ፎቶ በኋላ ሰውዬው ምን ሠሩ?

ጣሊያን ሲገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጅባትና ሜጫ ላይ አምስቱን ዓመት ሲዋጉ ቆዩ። ይህችን ሁላችንም እናውቃታለን። ያረፉት ግን መጋቢት 2009 ነው፣ በ96 ዓመታቸው። አምስቱን ዓመት አንጠልጥለን የቀረውን ዕድሜ ሁሉ ጣልነው ማለት ነው! ከድሉ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ ገብተው እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰዋል። በራሱ ሰዓት ተነስቶ በራሱ ፈቃድ ሲተኩስ የኖረ የጫካ ልጅ፣ በፊሽካ ተነስቶ ለበላዩ ሰላምታ የሚሰጥ መኮንን ሲሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ይሄኛውን ጀግንነት ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

ባሌንማ ጭራሽ አንነካትም። የባሌ ገበሬ ያመፀው ጥጋብ ይዞት አልነበረም፣ መሬቱና ግብሩ አንገብግቦት እንጂ። መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። ጄኔራል ጃጋማ እዚያ ያዘዙት የመንግሥትን ጦር ነው። ይህንን የሚሸሽግ ሰው እያከበራቸው አይደለም። ግን ደግሞ በ1962 የአመፁ መሪ ዋቆ ጉቱ እጃቸውን የሰጡት ለእኚሁ ጄኔራል ነው፣ ንጉሡም ምሕረት አደረጉላቸው። ዋቆም ጃጋማም ከዚያ በኋላ አርጅተው፣ ሽማግሌ ሆነው ነው የሞቱት። በእኛ አገር ታሪክ ባላንጣ ከባላንጣው ተርፎ እንዲህ የሸመገለበት ስንት ጊዜ ታውቃላችሁ? ጠመንጃ የያዙበትን ፎቶ እንወዳለን፣ ጠመንጃ ያበቃበትን ቀን ግን የሚያነሳው የለም።

እናንተ ደግሞ ለሁለት ትካፈሏቸዋላችሁ። አንዱ ባሌን ዘሎ «ጀግናችን» ይላል፣ ሌላው ጅባትን ዘሎ «የንጉሡ ጄኔራል» ብሎ ይሳደባል። ኧረ ተዉ! ሰው እንደ ቅርጫ ሥጋ አይመደብም። ሙሉውን መያዝ ካልቻላችሁ ፎቶውንም አትለጥፉ።

ደግሞ ሳይናገሩ የሄዱት ስንት ናቸው። ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከእነሱ ጋር ስንት ነገር እንደተቀበረ አስቡት። እነሱን ዛሬ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም።

እኛ ሰፈር አንድ ጡረተኛ ሻምበል ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ የትም የማይሄዱበትን ጫማ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለውሉታል። «ደህና አደሩ ሻምበል» እላቸውና አልፋለሁ። ለዓመታት እንዲሁ አለፍኩ። ሲሞቱ ቤቱ ተጠረገና የቆርቆሮ ሳጥናቸው ለቆራሌው ተሰጠ። ከላይ ሽፋን የሌለው ደብተር ነበር፣ በሰማያዊ ቀለም ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጻፈ። ጎንበስ ብዬ አንድ ቃል አነበብኩ፤ «ካራማራ» ይላል። ቆራሌው ጆንያው ውስጥ ከተተው። ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በስንት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እባካችሁ። እናንተም ሰፈር አንድ ጡረተኛ መኮንን አይጠፋም። አባታችሁም፣ አጎታችሁም ሊሆን ይችላል። የድሉን ብቻ አትጠይቁት፣ የቆጨውንም ጠይቁት። መጀመሪያ ላይ «ምን አለና ልጄ» ይሏችኋል፣ አትመኗቸው። የስልካችሁን መቅጃ ክፈቱና አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «መጀመሪያ የተመደቡት የት ነበር?» በሏቸው፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።