የተነሳሽነት ቀጠሮ

በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር አንድ ወዳጅ አለኝ። ኮርሶቹን በሙሉ በጥሩ ውጤት ጨርሷል፤ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። የጽሑፉ ርእስ «የሠራተኞች ተነሳሽነት በሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚል ሲሆን፣ ርእሱን ካስጸደቀ በኋላ አንድ ገጽ እንኳ ያልጻፈው፣ ራሱ እንደሚለው፣ ተነሳሽነቱ ስላልመጣለት ነው። ተነሳሽነት ለእርሱ ከክፍለ ሀገር እንደሚመጣ ዘመድ ነው፤ መምጣቱ አይቀርም፣ ቀኑ አይታወቅም፣ እስኪመጣ ድረስ ግን ቤቱን አሰናድቶ መጠበቅ ይገባል።

በማሰናዳቱ ማንም አይወቅሰውም። ጠረጴዛ ገዛ፤ መስኮት አጠገብ ሲያደርገው አላፊ አግዳሚው ሐሳቡን ስለሰረቀው ወደ ግድግዳው አዞረው፤ ባዶው ግድግዳ መንፈሱን ስለተጫነው በአራት ቀለም የተሠራ የሥራ ዕቅድ ለጠፈበት። በኮምፒውተሩም ላይ «የሚነበቡ» የሚል ማኅደር ከፍቶ በቴሌግራም ያገኘውን ጥናት ሁሉ ያጭቅበታል። አማካሪው «ምን ያህል አነበብህ?» ብለው ሲጠይቁት «ሁሉንም አውርጄዋለሁ» ይላል፣ በሙሉ ልብ።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያችን ሥራ የሚጀመርበት ቀን የሌለው መሆኑ ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ሥራ አይጀመርም፤ ሰኞ ይጠበቃል። ሰኞ ደግሞ በ12 ከዋለ ሚካኤል፣ በ19 ከዋለ ገብርኤል፣ በ21 ከዋለ ማርያም ነው፤ ወዳጄ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው ባይሆንም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከያዘ ወዲህ ያሳየው በዓል አክባሪነት የንስሓ አባቱን ሳይቀር አስደንቋል። መስከረም ሲጠባ «ከመስቀል በኋላ» አለ። ገናና ጥምቀት በ12 ቀን ልዩነት ስለሚከተሉ በመካከላቸው የተጀመረ ሥራ መቋረጡ አይቀርም ብሎ ተወው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የጾመ አእምሮ ንድፈ ሐሳብ አይሸከምም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ይጫነዋል። ክረምቱ ይዘንባል። በመጨረሻ ጳጉሜን ስትመጣ፣ አምስት ቀን ብቻ ባላት ወር ትልቅ ሥራ እንደማይጀመር ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ፣ አዲሱን ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል።

ተነሳሽነት በራሱ ጊዜ ካልመጣ ገዝቶ ማምጣት እንደሚቻል የሰማው በዚህ መሐል ነው። አነቃቂ ንግግር ዛሬ በከተማችን ደህና ገበያ ነው፤ መግቢያ ይከፈላል፣ የሆቴል አዳራሽ ይሞላል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል። ተናጋሪው «አጠገባችሁ ወዳለው ዞር በሉና ‹ትችላለህ› በሉት» ይላል፤ አጠገብ ያለውም፣ ምን እንደሚቻል ሳይጠይቅ፣ «አንተም ትችላለህ» ብሎ ይመልሳል። ወዳጄ እኔን ይዞኝ በሄደበት ቅዳሜ፣ ኤዲሰን አምፖሉን እስኪሠራ ስንት ጊዜ እንደወደቀ እየተተረከ ሳለ መብራት ጠፋ። አዳራሽ ሙሉ የተነቃቃ ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ በያለበት ተቀመጠ። ተነስቶ ሥራ የጀመረው የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ውጭ ስለዋለ ንግግሩን አልሰማም። እኔ እንደታዘብኩት፣ እንዲህ ያለው መድረክ የሚሸጠው ሥራ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ደስታ ነው፤ ደስታውን በቅድሚያ የተቀበለ ሰው ደግሞ ሥራውን የሚሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ወዳጄ ከአዳራሹ ይዞት የወጣው ሌላው ነገር፣ ማንኛውም ተግባር ለ21 ቀን ከተደጋገመ ልማድ ይሆናል የሚለው ሕግ ነው። የቁጥሩ ምንጭ ማክስዌል ማልትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የጻፉት ታካሚዎቻቸው አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር። «ቢያንስ» የሚለው መንገድ ላይ ቀረ፣ ፊቱም ቀረ፣ አዲስ አበባ የገባው ቁጥሩ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ አንድ ልማድ እስኪሰርጽ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ለአንዳንዱም እስከ 254 ቀን ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ይህን ስነግረው የወዳጄ ፊት በራ፤ «እንግዲያው ጊዜ አለኝ!» አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውንም ከዕቅዱ በላይ ለጥፎታል። እንቁላል እስኪፈለፈል 21 ቀን መፍጀቱን አልክድም፤ ነገር ግን ዶሮዋ እነዚያን ቀናት ታቅፋው ትከርማለች እንጂ ስለ መታቀፍ ጥቅም ንግግር ልትሰማ አትወጣም።

ቀጥሎ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የማእድ ቤት ሰዓት የጀመረውን ዘዴ ያዘ፤ 25 ደቂቃ ይሠራል፣ 5 ደቂቃ ይታረፋል። ወዳጄ በዕረፍቱ ጀመረ። የአምስት ደቂቃ ዕረፍት ደግሞ በእኛ ቤት አይታወቅም፤ ቡና ከተፈላ አቦልን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፣ ቶናን መተው ቡናውን ያፈላችውን ማስቀየም ነው። ሰዓቱ ሲጮኽ ሊነሳ ቢል እናቱ «ልጄ፣ አንተ ምርቃት የምትፈልግ ሰው በረካን ትተህ ወዴት ነው?» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ሴት አሉ። ወዳጄ ለጥናቱ ይጠቅመኛል ብሎ «እትዬ፣ በየሌሊቱ ከእንቅልፍዎ የሚያስነሳዎት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሊጡ ነዋ! አብሲቱ ከተጣለ እኔ ተነሳሁ አልተነሳሁ እርሱ ይነሳል። ካልደረስኩለት ይኮመጥጣል፤ ከዚያ ማን ይገዛኛል?»

ወዳጄ እጅግ ተነካ። ቃላቸውን በማስታወሻ ደብተሩ በቀይ ከጻፈ በኋላ «እርስዎ እኮ አነቃቂ ተናጋሪ መሆን ነበረብዎት» አላቸው።

በየመብራት ምሰሶው ላይ ተለጥፈው የሚታዩት «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ወረቀቶችም አሉ፤ ማማከሩ አንዳንዴ እስከ ምስጋናው ገጽ ድረስ እንደሚዘልቅ ይነገራል። ወዳጄ በዚህ በኩል ክብሩን ጠብቋል። እስካሁን አልደወለም፤ ለመደወልም ተነሳሽነት ይጠይቃል።

የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ ግን የማራዘሚያ ማመልከቻ መጻፍ ነበረበት። ስልኩን አጥፍቶ፣ ያለ ቡናና ያለ አነቃቂ፣ በአንድ ሌሊት አምስት ገጽ ጻፈ። ማመልከቻው መግቢያ ነበረው፤ የችግሩን ምንነት በዝርዝር ያስረዳ ነበር፤ ቀደም ያሉ ጥናቶችን ያገናዘበ ነበር፤ በመደምደሚያውም ተነሳሽነት በሥራ አፈጻጸም ላይ የጎላ ተፅዕኖ እንዳለው ከራሱ ሕይወት ማስረጃ አቅርቦ አረጋግጧል። አማካሪው አንብበው እጅግ ስለተደሰቱ፣ ማመልከቻው ጥቂት የሰዋስው እርማት ተደርጎለት ከተመለሰ እንደ አንድ ምዕራፍ ሊቀበሉት እንደሚችሉ ጻፉለት። እርማቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወዳጄም ለእርማቱ ጊዜ የሚጠይቅበትን ሁለተኛ ማመልከቻ ጀምሯል፤ ይኼኛው ስምንተኛው ገጽ ላይ ደርሷል።