ክርክር፦ ካትን በምን እንጻፋት?

ሁለቱም ድሬዳዋ ናቸው። አንዷ ከዚራ ሰፈር ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሌላው ሳቢያን ሰፈር ሆኖ የሱቆችና የመጋዘኖች ማሽን ይጠግናል። የተሰጣቸው ሐሳብ፦ "የሊኑክስ ዩዘርላንድ፣ ማለትም ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) በላይ ያሉት እንደ ካትና ሲፒ ያሉ ትዕዛዞች እና ሼሉ (ትዕዛዝ ተቀባዩ)፣ በከፍተኛ ቋንቋ (ለሰው በሚቀል የፕሮግራም ቋንቋ) እንደገና ይጻፍ።"

ከዚራ፦
ካት ምን ትሠራለች? ፋይል ከፍታ፣ አንብባ፣ ስክሪን ላይ ታወጣለች። ተማሪዎቼ በፓይተን ቋንቋ አስር መስመር ሳይሞሉ ጽፈዋት ይወጣሉ። አሁን ያለችበትን የሲ ቋንቋ ኮድ ስከፍትላቸው የባፈር (የጊዜያዊ ሜሞሪ ቦታ) ስሌት ውስጥ ይሰምጣሉ። ሲ ሜሞሪውን ለሰው ነው የሚተወው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያውሰው ትዕዛዝ) ላይ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቀዳዳ ከ2011 ጀምሮ እዚያው ነበር። ከባፈሩ ጫፍ አልፎ መጻፍ ብቻ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ በዚያ ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ አዛዥ፣ ይሆናል። ፓይተን ይህን አይፈቅድም። ይዘገያል ይባላል። ጥቂት ሚሊሰከንድ ማንም አያስተውልም።

ሳቢያን፦
"ማንም አያስተውልም" ትላለች። እኔ አስተውላለሁ። አሸዋ አካባቢ የአንድ መጋዘን አሮጌ ማሽን በእጄ ነው። ማታ ማታ 10,000 ፋይል አንድ በአንድ የሚያገላብጥ ስክሪፕት አለው። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ትዕዛዝ ይጠራል። ፓይተን ለመነሳት ብቻ 30 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል ብንል 300 ሰከንድ ሆነ። አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ሥራው ገና ሳይጀመር! መብራቱ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። እኔና ደንበኞቼ ሰው አይደለንም?

ከዚራ፦
አቦ፣ አንዲት ቃል ይዘህ አትነዝንዘኝ። ፓይተን ከከበደህ ጎ የሚባል ቋንቋ አለ። ዩሩት የሚባለው ፕሮጀክት ኢኒቱን (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን)፣ ሼሉን፣ ትዕዛዞቹን በጎ ጽፏል። ኮምፓይል ይደረጋል (አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይዞራል)፣ ሜሞሪውንም ራሱ ያጸዳል። የሊኑክስ አርአያ የሆነው ዩኒክስ በ1973 ከአሴምብሊ (ለማሽኑ ከቀረበው ቋንቋ) ወደ ሲ ሲዞር እኮ ከፍተኛ ቋንቋ የተባለው ሲ ነበር።

ሳቢያን፦
መጀመሪያ ፓይተን፣ አሁን ጎ። የትኛውን ልመልስ? ጎ በየፋይሉ ራንታይሙን (ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን ደጋፊ ኮድ) ይዞ ይመጣል። በኪሎባይት የምትለካው ካት ሜጋባይት ትገባለች። ዩሩት ትዕዛዞቹን አንድ ፋይል ውስጥ የሚያጭቀው ለምን መሰለሽ? ደግሞ አዲስ ኮድ አዲስ ስህተት አለው። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ በ25.10 እትሙ ኮርዩቲልሱን፣ ማለትም መሠረታዊ ትዕዛዞቹን፣ በረስት ቋንቋ በተጻፉ ተካ። ሰዓት ነጋሪው ዴት በ"-አር" ሲጠየቅ ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት መንገር ነበረበት፤ የአሁኑን ሰዓት ነገረ። አውቶማቲክ ዝማኔ በዚያ ምክንያት ቆመ። የሲው ዴት ይህን ስንት ዓመት በትክክል ሲሠራ ኖሯል። ይህንንም "ማንም አያስተውልም"?

ከዚራ፦
ረስትን እኔ አላነሳሁም። የሱዶውን ግን ዘለልከው፤ ወደ 10 ዓመት ሙሉ ማን አየው? የኔ ጥያቄ ኮዱን ማን ያነባል የሚል ነው። ባለፈው አንዲት ተማሪዬ ደብሊውሲን (የጽሑፍ ቆጣሪውን ትዕዛዝ) በፓይተን ጻፈች። "ድሬዳዋ" ብላ ሰጠችው፤ 4 አለ። የማሽኑን ደብሊውሲ በ"-ሲ" ጠየቀችው፤ 12 አለ። "የእኛን ፊደል ሦስት ሦስት ጊዜ ይቆጥራል እንዴ?" አለችኝ። ፊደልን በባይት የሚያስቀምጠው ሥርዓት፣ ዩቲኤፍ ስምንት፣ ያን ቀን ገባት። አንድ ፊደላችን 3 ባይት ነው።

ሳቢያን፦
"-ሲ" ባይት ነው የሚቆጥረው። ፊደል ከፈለገች "-ኤም" ትበል፤ 4 ይላታል። ማኑዋሉ ላይ አለ። አስተማሪ ሆነሽ ይህን ሳትነግሪያት በትዕዛዙ ታሳብቢያለሽ? እኔ ማኑዋል አንብቤ ነው ያደግሁት፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም።

ከዚራ፦
ነግሬያታለሁ። "-ኤም" አለች፤ አሁንም 12። የላቡ ማሽን ሎኬሉ (የቋንቋ ቅንብሩ) "ሲ" የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱን ባይት እንደ ፊደል ይቆጥራል። ያንተን የመጋዘን ማሽን እስቲ ሞክረው።

ሳቢያን፦
ሞከርኩት። 12 ነው። ሎኬሉን ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ። ፓይተን ግን አልጭንበትም።