ይድረስ ለክቡር ባለ 128 ጊጋ ፍላሽ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ከትናንቱ ውርደት በቀር ደህና ነኝ።

ትናንት ሐዋሳ፣ አቶቴ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ዊንዶውስ ልጭን ሄድኩ። ከ5 ጊጋ በላይ የሆነውን ፋይል በሌሊት ጥቅል፣ እንቅልፌን ሰውቼ ነው ያወረድኩት። ወደ እርስዎ ስገለብጠው ስሙ ልክ፣ መጠኑ ልክ፣ 100 በመቶ ብለው ፈርመውልኛል። ሰካሁዎት። 64 በመቶ ላይ ቆሙ። ደገምኩ። 64። ሲቪ ፕሪንት ሊያስደርጉ የተሰለፉት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። የቤቱ ባለቤት ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የት ነው የተማርከው?» አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ቡና ጋብዘው ሸኙኝ፤ ይሄ ደግሞ ባሰ።

ቤት ገብቼ ኔትወርኩን ስረግም አመሸሁ። ከዚያ ቼክሰም፣ ፋይል ሳይዛነፍ መድረሱ የሚመሳከርበት አሻራ፣ ትዝ አለኝ። ሻ-256 የሚባለው ስሌት ፋይሉን ሁሉ አንብቦ ባለ 64 ሆሄ አሻራ ያወጣል፤ አንዲት ቢት (የመረጃ ትንሿ ቅንጣት) ብትዛነፍ አሻራው ሌላ ይሆናል። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርትዩቲል በሚባል ትዕዛዝ ለካሁት። አምራቹ ድረ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር ቁርጥ አንድ! ኔትወርክን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐሰት ወነጀልኩ።

እርስዎን ነቅዬ መልሼ ሰካሁና ለካሁ። (ሳይነቅሉ ቢለኩ ኮምፒውተሩ ገና ሜሞሪው ውስጥ ካለው አንብቦ «ልክ ነው» ሊልልዎት ይችላል። አማላጅ አያጡም።) ሌላ አሻራ። ደገምኩ፤ ያው ስህተት ራሱ። ችግሩ የራም (የኮምፒውተሩ ሜሞሪ) ቢሆን በየልኬቱ የተለያየ ነገር ሊቀባጥር ይችል ነበር።

ከእርስዎ ሥራ ጋር ሳስተያየው፣ ነጻ ዋይፋይ በፋይሉ ስም የመግቢያ ገጹን ያወረደልኝን ቀን ይቅር ብያለሁ። ፋት32 የሚባለው የፍላሽ ፎርማት እንኳ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አልውጥም ሲል ፊት ለፊት ነው።

እስከ አፍዎ ሞልቼ መልሼ ሳነብ እውነተኛ ሆድዎ 8 ጊጋ ሆኖ ተገኘ። የቀረው የላይ ጽሑፍ ብቻ። አንቱታው ይብቃ! ከ8 በላይ የሰጡህን ትቀበላለህ፣ ትደፋለህ፣ «ተጠናቀቀ» ትላለህ። የእህቴ የሠርግ ፎቶ አንተ ላይ ነበር። እሱን ማን ይመልስልኛል? አንድ ቀን «ሞልቻለሁ» ብትል ምን ነበረበት? ውሸታም!

ይቅርታ ክቡር ሆይ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

ነገ በሌላ ፍላሽ፣ ለክቼ፣ ጋሼ ዘንድ እመለሳለሁ። እርስዎም ሥራ አላጡም፤ የሽንት ቤታችንን ቁልፍ አንጠልጥለንብዎታል።