ዕድሜ ለአዋጃችን!

በዚህ አገር ቀጠሮ የሚያከብር ነገር የለም ትላላችሁ። ኧረ ተዉ! የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለን አይደል? እንደ ዕቁብ ዙሩን ጠብቆ ሲደርሰን ነው የኖረው። መስከረም 2009 ለስድስት ወር ታወጀ፣ ስድስት ወር አነሰውና አራት ወር ተመረቀለት፣ ሐምሌ 28 ተነሳ። የካቲት 2010 ናፍቀነው ኖሮ ተመለሰ። በ2012 በኮሮና፣ በ2013 በትግራይ፣ በ2014 በመላ አገሪቱ መጣ። በ2015 ደግሞ በአማራ ክልል ታወጀ፤ ያውም መቼ? ሐምሌ 28! የ2009ኙ በሞተ በስድስተኛ ዓመቱ፣ በዕለቱ። ሙት ዓመቱን በትንሣኤ ያከበረ አዋጅ ሌላ ቦታ ካያችሁ ንገሩኝ።

ሕገ መንግሥቱም በዚህ በኩል ቸር ነው። አንቀጽ 93 መጀመሪያ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል፤ ከዚያ አራት ኪሎ ሁለት ሦስተኛው እጅ ካወጣ በየአራት ወሩ ማደስ ነው። ስንቴ? ጣሪያ የለውም። እጅ ማውጣቱም አያስቸግርም። የካቲት 2010 የድጋፍ ድምፁ በመጀመሪያ 346 ተባለ። ያኔ አባላቱ 539 ነበሩ፣ ሁለት ሦስተኛው ስንት እንደሚሆን ጨዋ ሰው አያሰላም። ደግነቱ ቆጠራው «ታረመ»ና 395 ሆነ። 49 ድምፅ በአንድ ቀን! የተቃውሞው 88 ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ዕድገት አልተባረከለትም።

አዋጅ ሲመጣ መብት ሁሉ ይገፈፋል የሚሉ ሟርተኞችም አሉ። ሐሰት ነው። የማይነኩት ተለይተው ተጽፈዋል። ገና ከመጀመሪያው የአገሪቱ ስም አለ። ከዚያ ኢሰብአዊ አያያዝ ክልክል ነው፣ እኩልነት አለ፣ የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ መወሰን አለ። በሕይወት የመኖር መብት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምን ይደረግ፣ ሁሉ አይሟላም። ስማችንን ግን ማንም አይነካውም።

ለነገሩ ከባሕር ማዶዎቹ ጋር ስንተያይ ገና ዳዴ ላይ ነን። ሶርያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጀችውን ያነሳችው በ2011 ነው፣ 48 ዓመት። ግብፅ ከ1981 እስከ 2012 ይዛዋለች። አሜሪካኖቹ እንኳ ካርተር በ1979 በኢራን ጉዳይ ያወጁትን በየዓመቱ እያደሱ ነው። እኛስ ብንሆን ልምድ አጥተን ነው? ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥታችን ደርግ በእኛው አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1980 በጊዜያዊነቱ ጸንቶ የኖረ ነው።

እኔ ግን የሕዝቡን ተሳትፎ ነው የማደንቀው። አዋጅ ቢኖርም ባይኖርም ከስታዲየም እስከ ፒያሳ በየሕንፃው በር እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። ጥበቃው ኪስ ዳበስ ያደርጋል። «ቦርሳ ክፈቺ» ይላል፣ ውስጡን ሳያይ «ግቢ» ይላል። ማሽኑ ይጮኻል።

«ምንድነው?»

«ቁልፍ።»

«እለፍ።»

በየትኛው አዋጅ ነው የምትፈትሸኝ ያለ ሰው አላየሁም። እኔም አልልም። እንደውም ሳልፈተሽ ካለፍኩ ቅር ይለኛል፣ የተናቅኩ ይመስለኛል።

አንጀቴን የበላው የ2012ቱ ብቻ ነው። እሱ መጨባበጥ ቢከለክልም አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። ታክሲውም በግማሽ ሰው ብቻ ሲሄድ (በእጥፍ ሒሳብ ነው፣ እሱን እንለፈው) ጉልበታችንን እንደ ሰው ዘርግተን ተቀምጠናል። ታዲያ ይሄ አዋጅ አምስት ወሩ ሲሞላ ቀጥ አለ። የሚመርቅለት ጠፋ! ያ ሁሉ ሲወጣ የኖረ እጅ የት ገባ? የእጅ መታጠቢያው በርሜል በየበሩ ደርቆ ቀረ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ጀመረ፣ አከራዬም ደውሎ «እንግዲህ እንነጋገር» አለኝ።

ስለዚህ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ለሚቀጥለው ዙር፣ መምጣቱን መቼም አልጠራጠርም፣ ያቺን የኪራይ ነገር ጣል አድርጉባት። እሷን 48 ዓመት የምታራዝሙ ከሆነ እኔ ራሴ አራት ኪሎ መጥቼ እጅ አወጣላችኋለሁ። ሁለቴ ብትቆጥሩኝም ቅር አይለኝም።