እርማት፦ የኢንተርኔት ገለልተኝነት «ለሁሉም እኩል ፍጥነት» ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «አሜሪካ የኢንተርኔት ገለልተኝነት ሕግ ስላለ ሁሉም እኩል ፍጥነት ያገኛል፤ እኛም ቢኖረን ደሴ ላይ ኔት አይጠፋም ነበር» ብለሃል። ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ነገሩ ተቀላቅሎብሃል።

ሕጉ የሚያስረው አገልግሎት ሰጪውን ነው። ኩባንያው አንዱን ድረ ገጽ ሆን ብሎ እንዳያንቀራፍፍ፣ እንዳያግድ፣ ገንዘብ የከፈለውን እንዳያስቀድም ይከለክላል። አንተ ፈጣን መስመር ከፈለግክ ግን ጨምረህ ትከፍላለህ። ያ አልተከለከለም። ክርክሩ የሚነሳው፣ ኮምቦልቻ ያለ ልጅ የቴሌግራም ብቻ ጥቅል ገዝቶ ሌላው ሁሉ ሲዘጋበት ነው። ሕንድ ኩባንያዎች እንደ ይዘቱ የተለያየ ዋጋ እንዳያስከፍሉ እ.ኤ.አ. በ2016 ከልክላለች። የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ በነጻ የሚከፍተው የፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» እዚያ የቀረው በዚህ ነው።

አሜሪካም ብትሆን ሕጉ አልጸናላትም። የፌዴራሉ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፣ በ2017 እንዲሻር ተወሰነ፣ በ2024 እንዲመለስ ተወሰነ፤ በ2025 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ጣለው። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው።

መዝጋቱስ? በእኛ 2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፌስቡኩም ዩቲዩቡም አብሮ ነው የጠፋው። በገለልተኝነት ሚዛን ካየነው እንከን አይወጣለትም! መዘጋትን ለመሞገት የሚጠቅምህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ነው። መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማስተላለፍ ነጻነት እዚያ ተጽፏል።